ሁለቴ የተሰደደ ብዕር

(ይህ ጽሑፍ አንድ የቀድሞ ጋዜጣ አዘጋጅ ለጋዜጠኞችና ለአንባቢዎች ስብስብ በቃል ያቀረቡት ንግግር ነው። ንዑስ ርዕሶቹን ለዓምዳችን እንዲመቹ የጨመርነው እኛ ነን። — ዝግጅት ክፍሉ)



"ስለ ስደተኛ ጋዜጠኛ ተናገር" ተብዬ ስመጣ ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት የእኛኑ ልጆች ስም እንደሆነ አውቃለሁ። ናይሮቢ የቀሩትን፣ ዋሽንግተን የገቡትን፣ አውሮፓ ላይ ወረቀት የሚጠብቁትን። የእነሱን ታሪክ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዛሬ ግን ወደ ሌላ አገርና ወደ ሌላ ዘመን ልውሰዳችሁ። ለምን ቢባል፣ የራስን ቁስል ሲነኩት ያማል፤ የሰውን ቁስል ግን ረጋ ብሎ ለማየት ይመቻል። አይተን ስንጨርስ የእኛም ቁስል እዚያው እንደነበረ ይገባን ይሆናል።

የማወራላችሁ ሰው ስሙ ፋራህ አንቱን ይባላል። ዓረብ ነው፣ ጋዜጠኛ ነው፣ ደራሲ ነው፣ ስደተኛ ነው። "ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ" ብሎ በዓረብኛ በግልጽ ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። ይህን የጻፈው ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ነው!

መርከቧ ላይ የተሳፈሩት ሁለት ወጣቶች

ፋራህ እ.ኤ.አ. በ1874 ትሪፖሊ ተወለደ። የሊቢያዋ ትሪፖሊ እንዳትመስላችሁ፤ ዛሬ በሰሜን ሊባኖስ ያለችው የወደብ ከተማ ናት። አባቱ እንጨት ነጋዴ ነበሩ። ቤተሰቡ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። ልጁ ተምሮ ፈረንሳይኛ ቻለና የፈረንሳይ ጸሐፊዎችን መጻሕፍት ቁርስና ምሳው አደረጋቸው።

በዚያ ጊዜ አገሩን የሚገዛው የቱርኩ ሱልጣን ዳግማዊ አብዱልሐሚድ ነበር። ሱልጣኑ ሥልጣን በያዘ በሁለት ዓመቱ፣ በ1878፣ ፓርላማውን በትኖ ሕገ መንግሥቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ በኋላ ጋዜጣ ማተም ማለት ከሳንሱር ጋር ድብብቆሽ መጫወት ሆነ። "አብዮት" አይባልም፣ "ነፃነት" አይባልም፣ "ሕገ መንግሥት" አይባልም። በ1903 የሰርቢያ ንጉሥና ንግሥት በገዛ መኮንኖቻቸው ሲገደሉ የኢስታንቡል ጋዜጦች "በምግብ አለመፈጨት ሞቱ" ብለው ጻፉ እየተባለ እስካሁን ይነገራል። ንጉሥ ይገደላል የሚለው ነገር ለሕዝብ ጆሮ አይሆንማ!

ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ብዕር የያዘ ወጣት ምን ያድርግ? ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያወድሳል፣ ወይ ይሰደዳል። ከሶሪያና ከሊባኖስ ብዙ የተማሩ ወጣቶች ወደ ግብፅ ጎረፉ። ግብፅን ከ1882 ጀምሮ የያዛት እንግሊዝ ነበር። ቅኝ ገዢ ቢሆንም በጋዜጣ ላይ የሱልጣኑን ያህል አልከረረም። ዛሬ ድረስ የሚታተመውን "አል-አህራም"ን በ1875 እስክንድርያ ላይ ያቋቋሙት ከሊባኖስ የመጡ የተክላ ቤተሰብ ወንድማማቾች ናቸው። "አል-ሂላል" የተባለውን መጽሔት በ1892 የጀመረውም ከቤይሩት የመጣ ስደተኛ ነው። የግብፅን ፕሬስ ካቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ ማለት ነው።

ፋራህም በ1897 መርከብ ተሳፈረ። አብሮት የተሳፈረው ማን መሰላችሁ? ረሺድ ሪዳ የተባለ ሙስሊም ወጣት ነው። እሱም የትሪፖሊ አካባቢ ልጅ፣ እሱም መጻፍ የሚወድ፣ እሱም ሱልጣኑ ያስመረረው። ሁለቱ ወዳጆች አንድ ባሕር ተሻግረው አንድ አገር ወረዱ። አንደኛው ካይሮ ገብቶ በ1898 "አል-መናር" የተባለውን እስላማዊ መጽሔት ጀመረ። ሌላው እስክንድርያ ላይ በ1899 "አል-ጃሚዓ"ን ከፈተ። "አሰባሳቢዋ" እንደማለት ነው። ይህን ወዳጅነት ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

የሞተ ፈላስፋ ሲቀሰቀስ

"አል-ጃሚዓ" ሀብታም መጽሔት አልነበረም። ባለቤቱ አዘጋጁ ነው፤ አዘጋጁ ተርጓሚው ነው፤ ተርጓሚው ሒሳብ ያዡ ነው። እዚህ ያላችሁ አንዳንዶቻችሁ እየሳቃችሁ ነው፤ ታውቁታላችሁ! መጽሔቱ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሴቶች፣ ስለ ሠራተኛውና ስለ ባለሀብቱ፣ ስለ አውሮፓ ፈላስፎች ይጽፋል። እህቱ ሮዛም ዝም አላለች፤ እዚያው እስክንድርያ የሴቶች መጽሔት ጀመረች።

በ1902 ፋራህ ስለ ኢብን ሩሽድ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣ። ኢብን ሩሽድ ፈረንጆቹ አቬሮስ የሚሉት ነው። በ1126 ስፔን ውስጥ ኮርዶባ ተወለደ፤ ሐኪም ነበር፣ ዳኛ ነበር፣ የአርስቶትልን መጻሕፍት እየተነተነ ለዓለም ያስተማረ ፈላስፋ ነበር። በስተርጅና፣ በ1195፣ ገዢው ተቆጣውና ሉሴና ወደምትባል ከተማ አጋዘው። የፍልስፍና መጻሕፍቱም ተቃጠሉ። በኋላ ምሕረት ቢደረግለትም ብዙ አልቆየም፤ በ1198 ማራኬሽ ላይ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ኮርዶባ ሲመለስ በጭነት እንስሳው አንድ ጎን ሬሳው፣ በሌላው ጎን ሚዛን እንዲጠብቁ የጻፋቸው መጻሕፍት ተጭነው ነበር ይባላል። አያችሁ፣ ስደተኛው ጋዜጠኛ የሚጽፈው ስለ ስደተኛ ፈላስፋ ነው!

ፋራህ ግን ታሪክ ተርኮ ብቻ አልቆመም። ለምን ተሳደደ? ብሎ ጠየቀ። መልሱም፣ ሃይማኖታዊውና ዓለማዊው ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲጠቃለል አሳቢ ሰው መሄጃ ያጣል የሚል ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ ክርስትና "የቄሣርን ለቄሣር" ብሎ ሁለቱን ስለለየ ለሳይንስና ለፍልስፍና የተሻለ መንገድ ሰጥቷል አለ።

አገር ተቃጠለ!

መልስ የሰጡት ተራ ሰው አይደሉም፤ የግብፅ ታላቁ ሙፍቲ ሼህ መሐመድ አብዱ ናቸው። መልሳቸው የወጣውም "አል-መናር" ላይ፣ ማለትም በዚያ በመርከብ ጓደኛው በረሺድ ሪዳ መጽሔት ላይ ነው። ሼህ አብዱ ደግሞ አክራሪ የሚባሉ ሰው አልነበሩም። የለውጥ ሰው ናቸው። በጋዜጣ አዘጋጅነት ሠርተዋል። በ1882 የኦራቢ አመፅ ሲከሽፍ ራሳቸውም ተሰደዋል፤ ፓሪስ ላይ ከጀማል አል-ዲን አል-አፍጋኒ ጋር በ1884 ጋዜጣ አሳትመዋል። ስለዚህ ክርክሩ የብርሃንና የጨለማ አልነበረም። በሁለት የተሰደዱ፣ በሁለት የተማሩ ሰዎች መካከል ነበር። ያም ነው ዛሬም እንዲነበብ ያደረገው።

የሼኩ መልስ ባጭሩ ይህ ነበር። እስልምና እንደ ጳጳስ ያለ የሰውን እምነት የሚቆጣጠር ባለሥልጣን የለውም። ገዢው የሕዝብ አገልጋይ የሆነ ዓለማዊ ሰው ነው። በመቻቻልስ ከሄድን፣ አውሮፓ ውስጥ ሊቃውንትን በእሳት ያቃጠለው ማን ነው?

ፋራህም መለሰ። የመለሰውም አስቦበት ነው። አእምሮ ካልተፈታ የሰው ልጅ ወደፊት አይራመድም አለ። አንድ አገር ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች እኩል የሚሆኑት መንግሥት "አምላክህ ማን ነው?" ብሎ መጠየቅ ሲተው ነው አለ። የሃይማኖት አባቶች የሚያስቡት ለወዲያኛው ዓለም ነው፤ የዚህን ዓለም አስተዳደር ለዚህ ዓለም ሰዎች ይተዉ አለ። ሃይማኖትና መንግሥት ሲደባለቁ መንግሥቱም ይደክማል፣ ሃይማኖቱም በፖለቲካ ጭቃ ይበከላል አለ። ሰውን ሁሉ ወደ አንድ እምነት ማምጣት ስለማይቻል፣ በዚህ መንገድ የሄደ ሁሉ መጨረሻው ደም ነው አለ።

ስህተቱን አንደብቀው

እዚህ ላይ ሚዛናዊ እንሁን። ጀግና ፈልገን ስናገኝ ስህተቱን ምንጣፍ ስር መጥረግ የእኛ የጋዜጠኞች መጥፎ ልማድ ነው።

ፋራህ ስለ ኢብን ሩሽድ የጻፈው በአብዛኛው ፈረንሳዊው ኤርነስት ሬናን ከጻፈው ተነሥቶ ነው። የሁለት ሃይማኖቶችን መቻቻል ሚዛን ላይ አስቀምጦ "ይኸኛው ይበልጣል" ማለቱም ሌላ ስህተት ነው። መንግሥት በሃይማኖቶች መካከል አያበላልጥ የሚል ሰው ራሱ ማበላለጥ ጀመረ ማለት ነው! ያውም ክርስቲያን እንግዳ ሆኖ፣ ሙስሊም በሚበዛበት አገር፣ ክርስቲያን የውጭ ኃይል ከተማውን በያዘበት ጊዜ። ሰሚው ምን ያስብ? "ይህ ሰው የሚናገረው ለነፃነት ነው ወይስ ለእንግሊዝ?" ቢል ይፈረድበታል? እውነት ያለበት ነገር እንኳ ያለቦታው ሲነገር ውሸት ይመስላል።

ግን አንድ ነገር አደረገ። የዛሬው ንግግሬም ስለዚህች አንድ ነገር ነው። በ1903 "ኢብን ሩሽድና ፍልስፍናው" የተባለውን መጽሐፉን ሲያሳትም የራሱን ጽሑፍ ብቻ አላተመም። የሼህ አብዱን መልስም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አብሮ አተመው። የሚያዋርደውን፣ የሚነቅፈውን፣ አንባቢ ያሳጣውን ጽሑፍ በገዛ ገንዘቡ! "የእኔም ይኸው፣ የእሳቸውም ይኸው፤ አንተ ፍረድ" ብሎ ለአንባቢ ሰጠ።

የእኔ መሳቢያ

ጓደኞቼ፣ አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ።

እኔም በአንድ ወቅት ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርሁ። ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ አንድ ጠንከር ያለ ጽሑፍ አወጣን። በሳምንቱ አንድ አዛውንት አንባቢ በእጅ የተጻፈ ስድስት ገጽ መልስ ይዘው ቢሮ ድረስ በእግራቸው መጡ። ጽሑፉ በሰላ ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ያሳመመኝም እውነት ስላለበት ነው። "በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣዋለን አባባ" ብዬ ሸኘኋቸው። መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። አዛውንቱ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን "ልጄ፣ እናንተም መንግሥት ስትሆኑ እንዲሁ ናችሁ ማለት ነው?" ብለውኝ ወጡ። ከዚያ አልተመለሱም።

ያንን ጽሑፍ ማንም ሳንሱር አልከለከለኝም። ማንም ካድሬ አልደወለልኝም። የከለከልሁት ራሴ ነኝ። ጋዜጣው ኋላ በሌላ ምክንያት ተዘጋ፤ "አፈኑን!" ብዬ ጮህሁ፣ ጩኸቴም እውነት ነበር። ግን ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ የተዘጋው ጋዜጣ አይደለም፤ ያ መሳቢያ ነው።

ስለዚህ ፋራህ የተቃዋሚውን መልስ በራሱ መጽሐፍ ማተሙን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አስቀምጬ ወጣሁና በረንዳ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ሁለተኛው ስደት

ዋጋውን ከፍሏል። አንባቢዎች ሸሹ። ያለ አንባቢ መጽሔት ማለት ያለ ዘይት ኩራዝ ነው። ከረሺድ ሪዳ ጋር የነበረው ወዳጅነትም በዚያው ሻከረ። አንድ መርከብ ያመጣቸውን ሁለት ሰዎች አንድ ጽሑፍ ለያያቸው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው በ1903 "ሃይማኖት፣ ሳይንስና ገንዘብ" የሚል ልብ ወለድ ጻፈ። ሦስቱም የየራሳቸው ከተማ አላቸው፤ ሦስቱም "እኔ ልምራ" ብለው ይጣላሉ፤ በመጨረሻ ሦስቱም ከተሞች ይጠፋሉ። ክርክሩ ያስተማረው ነገር ይመስለኛል፦ ማንም ብቻውን ሲገዛ ደግ አይሆንም፣ ሳይንስም ቢሆን።

ከዚያ ሻንጣውን ሸክፎ አትላንቲክን ተሻገረ። ከሱልጣኑ ያመለጠው አዘጋጅ አሁን ያመለጠው ከባዶ ካዝና ነው። በ1906 "አል-ጃሚዓ"ን ኒውዮርክ ላይ እንደገና አቆማት። የእህቱ ባል ኒቆላ ሐዳድም አብሮት ሠራ። ማንሃተን ውስጥ ዋሽንግተን ስትሪት የሚባል የሶሪያውያን ሰፈር ነበር፤ ብዙዎቹ ሸቀጥ ተሸክመው ቤት ለቤት የሚያዞሩ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ዳንቴልና መርፌ ሲሸጥ ለዋለ ሰው ስለ ኢብን ሩሽድ ማን ያነብለታል? ወርሃዊ አደረጋት፣ ሳምንታዊ አደረጋት፣ ዕለታዊም ሞከረ። አልሆነም።

በ1908 ኢስታንቡል ላይ ወጣት ቱርኮች ተነሥተው ሱልጣኑ ሕገ መንግሥቱን ከመሳቢያው እንዲያወጣ አስገደዱት። ስደተኛው ሁሉ "አሁንስ ነጋ!" አለ። ይህን ስሜት የማያውቅ ከመካከላችን አለ? ፋራህም ወደ ግብፅ ተመለሰ። ግን ግብፅ ስትጠብቀው በ1909 የድሮው የ1881 የፕሬስ ሕግ ከመቃብር ተነሥቶ ነበር። መንግሥት ጋዜጣን እንደገና ማስጠንቀቅና መዝጋት ጀምሯል። እሱ ከስደት ሲመለስ አፈናውም ከስደት ተመለሰ ማለት ነው።

ካርመን በካይሮ

ታዲያ የማሰብ ሰው ምን በላ? ቴአትር! በ1912 ታዋቂው ተዋናይ ጆርጅ አብየድ ያቀረበውን "ኤዲፐስ ንጉሥ" ወደ ዓረብኛ የመለሰው ፋራህ ነው። በ1913 ስለ አዲሲቱና ስለ አሮጊቷ ግብፅ የራሱን ቴአትር ጻፈ። በ1914 ደግሞ ስለ ሰላሀዲንና ስለ ኢየሩሳሌም ጻፈ። "እስልምናን ተቸ" ተብሎ አንባቢ ያጣው ክርስቲያን የእስልምናን ታላቅ ጀግና መድረክ ላይ አቆመው! ለዝነኛዋ ዘፋኝ ለሙኒራ አል-ማህዲያ "ካርመን"ን ያዘጋጀላትም እሱ ነው። አንዳንዶች "ፈላስፋው ለዘፋኝ ጸሐፊ ሆነ" ብለው አዘኑለት። እኔ አላዝንለትም። ስደተኛ የሚበላው የሚከበርበትን ብቻ አይደለም።

በ1919 ግብፃውያን በእንግሊዝ ላይ ሲነሡ የግልገል ጨረቃና የመስቀል ምልክት ያለበት ባንዲራ ይዘው ወጡ። የኮፕት ቄስ አል-አዝሃር መስጊድ ሚንበር ላይ ወጥቶ ተናገረ። "ሃይማኖት የአምላክ ነው፣ ሀገር የሁሉም ነው" የሚል መፈክር አደባባዩን ሞላው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ፋራህን አንባቢ ያሳጣው ሐሳብ የሕዝብ መፈክር ሆነ! ፋራህም ብዕሩን ከነፃነት ንቅናቄው ጋር አሰለፈ። በየካቲት 1922 እንግሊዝ የግብፅን ነፃነት አወጀች፤ በዚያው ዓመት ፋራህ ካይሮ ላይ ሞተ። አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ታሪኩ አላለቀም

ሃሳቡ በመፈክር ላይ አልቆመም፣ ጠላቱም አልተኛም። በሰኔ 1992 ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ሲል የጻፈው ፋራግ ፎዳ ካይሮ ላይ ከቢሮው ሲወጣ በጥይት ተገደለ። በ1994 የኖቤል ተሸላሚው ነጂብ ማህፉዝ አንገቱ ላይ በጩቤ ተወጋ፤ ተረፈ፣ የሚጽፍበት እጁ ግን ተጎዳ። በ1995 ፍርድ ቤት ምሁሩን ናስር ሐሚድ አቡ ዘይድን "ከእስልምና ወጥቷል" ብሎ ከሚስቱ ጋር እንዲፋታ ፈረደበት። ባልና ሚስቱ ተያይዘው ወደ ሆላንድ ተሰደዱ። እዚያ ዩትሬክት ከተማ ያስተማረበት የፕሮፌሰርነት ወንበር በማን ስም የተሰየመ መሰላችሁ? በኢብን ሩሽድ! ከስምንት መቶ ዓመት በኋላም ኢብን ሩሽድ ስደተኛ ይቀበል ነበር።

የሀገር ነገር

እኛስ? ይህ ጉዳይ የዓረቦች ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። "ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው" የምትለውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ካይሮ በ1919 የጮኸችው ቃል እህት ናት። አባባሏ በሰው አፍ ትዞር በነበረበት ዘመን ግን የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንዲቱን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ደንግጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ግን ወረቀት ብቻውን ጎረቤትን ከጎረቤት አያስማማም። አንዱ የሌላውን ቃል እስከ መጨረሻው መስማት ሲችል ነው አንቀጹ አንቀጽ የሚሆነው።

ወገኖቼ፣ መንግሥት እንዳያፍነን እንታገላለን፣ ይገባልም። ነገር ግን እያንዳንዳችን ጠረጴዛ ስር አንድ መሳቢያ አለ። ዛሬ ማታ ስትገቡ ክፈቱት። የሚያናድዳችሁ፣ ግን እውነት ያለበት ደብዳቤ ካገኛችሁ በሚቀጥለው እትም አውጡት። አጠገቡ መልሳችሁን ጻፉ፣ ይፈቀዳል! ፋራህም መልሶ ነበር።

ያ አዛውንት በሕይወት ካሉና ይህን ንግግር ጋዜጣ ላይ ካነበቡ፣ ስድስቱ ገጾች እኔ ዘንድ አሉ አባባ። ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል።